የስድስት ሰከንዱ ምልክት

ርዝመቱ ስድስት ሰከንድ ነው። በእጅ ሰዓቴ ሦስት ጊዜ ለክቼዋለሁ፤ ሁለቱ ልክ ስድስት፣ አንደኛው ስድስት ከትንሽ መጣ። በዚህ ስድስት ሰከንድ ምክንያት ሁለት ቀን ታስሬ፣ ወዲያው ደግሞ ተሸልሜአለሁ። ከሁለቱ የትኛው እንደከበደኝ አንባቢ ራሱ ይፍረድ። እኔ የሆነውን በሆነበት ቅደም ተከተል አስቀምጣለሁ።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ጅጅጋ ውስጥ የሰሌዳ ጽሑፍ እጽፋለሁ። የሻይ ቤት፣ የልብስ ስፌት፣ የጎማ ጥገና፣ የወፍጮ ቤት ሰሌዳ የኔ እጅ ነው። ማንም አላስተማረኝም። አባቴ ከመሐል አገር ተመድቦ የመጣ የጦር ሰፈር ሹፌር ነበር፤ መኪና እንጂ ብሩሽ አያውቅም። የፊደል አጣጣል የተማርኩት ከዘይት ጣሳና ከመድኃኒት ካርቶን ላይ ነው። ማስመሪያና ክር ሳልይዝ አልሠራም። ብዙ አላወራም፤ ደንበኛ "ስንት ቀን ይፈጃል?" ሲለኝ በጣቴ ነው የማሳየው።

ሳህራ ከሐርጌሳ የመጣች ሴት ናት። ከተማዋ ስትደበደብ ሁለት ሴት ልጆቿን፣ አንድ ቴሌቪዥንና በብርድ ልብስ የተጠቀለለ አንድ የቪዲዮ ዴክ ይዛ ድንበር ተሻገረች። ባሏ አልተሻገረም። ሐርተሼክ ካምፕ ተመዝግባ የራሽን ካርድ ተቀበለች፤ ድንኳን ውስጥ ግን መብራት ስለሌለ ዴኩ ብርድ ልብስ ውስጥ ከመተኛት ሌላ ሥራ አልነበረውም። ስለዚህ ያለ ፈቃድ ጅጅጋ ገባችና ከአንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ ጀርባ ባለች ክፍል ቪዲዮ ቤት ከፈተች። ልጆቿን የምታበላው በእሱ ነው። የተመዘገበ ስደተኛ ያለ ወረቀት ከተማ ውስጥ ከተገኘ ወደ ካምፕ ይመለሳል፤ ዕቃው ግን አይመለስም። ይህን የማያውቅ የጅጅጋ ሰው አልነበረም።

እኔ "ኤዶ" እላታለሁ፤ አክስቴ ማለት ነው። እሷም መልሳ "ኤዶ" ትለኛለች። በሶማሌ ወግ ትልቅ ሰው ታናሹን በራሱ ማዕረግ ነው የሚጠራው፤ አክስት የወንድሟን ልጅ "አክስት" ትለዋለች። መጀመሪያ ግራ ገባኝ፣ በኋላ ወደድኩት። ሰሌዳ የሌላት ብቸኛዋ ደንበኛዬ ሳህራ ነበረች፤ ሰሌዳ ብትሰቅል ትያዛለች። በሯን ብቻ አረንጓዴ ቀባሁላት፤ በምትኩ ከኋላ ተቀምጬ የፈለግሁትን አያለሁ።

ሳህራ ሰውን "ውጡ" ማለት አትወድም። የሕንድ ፊልም ካለቀ በኋላ ጫታቸውን ይዘው ከግድግዳ ጋር የተጣበቁ ሰዎችን ለማስወጣት አንድ ካሴት ነበራት። ካምፕ ውስጥ ይሠራ የነበረ ፈረንጅ አገሩ ሲመለስ የተወላት ነው። ከአሜሪካ ቴሌቪዥን ላይ የተቀዳ ስለ አንድ እንስሳ የሚናገር ፊልም ነው። እንስሳው ጅራቱ እንደ መጥበሻ ጠፍጣፋ፣ ጥርሱ ብርቱካን ቀለም ነው፤ ዛፍ በጥርሱ እየቆረጠ ወንዝ ይገድባል። ዘፈን የለውም፣ ድብድብ የለውም፣ የሚያገባ፣ የሚሞት፣ የሚያለቅስ የለውም።

"ዋርያ፣ ጥርሳሙ መጣ፤ ተነሡ" ይባባላሉ፤ ዋርያ በሶማሊኛ "አንተ" እንደ ማለት ነው። በሦስተኛው ደቂቃ ክፍሉ ባዶ ነው።

አንድ ቀን እኔ አልተነሣሁም። ፊልሙ አለቀ፣ የሠሪዎቹ ስም ወደ ላይ ፈሰሰ፣ ስክሪኑ ጠቆረ። ከዚያ መጣ።

ከግራ በኩል አምስት ቀጫጭን መስመሮች ይገባሉ፤ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ብርቱካን፣ ቀይ። እኩል አይመጡም። ሰማያዊው ይቀድማል፣ ቀዩ መጨረሻ ይደርሳል። መሐል ሲደርሱ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ ላይ ይታጠፉና እየሰፉ ሄደው እንደ ማራገቢያ ይከፈታሉ። አንድ ደወል ይመታል። ከሥር በነጭ ፊደል ስም ይወጣል። በመዝገበ ቃላት ፈልጌ እንደተረዳሁት ፊልሙን የሠራው ይህ ድርጅት አይደለም፤ ሌላው የሠራውን ተቀብሎ ለሕዝብ ቴሌቪዥን ጣቢያዎች የሚያከፋፍል ነው። እንደ ስኳር ማከፋፈያ።

እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነገር ነው። በመስመርና በመስመር መካከል ያለው ክፍተት ከመስመሩ ውፍረት ጋር እኩል ነበር። ሲታጠፍም፣ ሲሰፋም እኩል ነው። ማስመሪያ ቴሌቪዥኑ ላይ አድርጌ ለካሁት። እኔ የወፍጮ ቤት ሰሌዳ ላይ አራት ፊደል በእኩል ርቀት ለማስቀመጥ ግማሽ ቀን የምፈጅ ሰው ነኝ። ያንን ምልክት የሠራ ሰው የትም ይኑር፣ የሥራ ባልደረባዬ እንደሆነ ተሰማኝ። ከዚያ በኋላ ስምንት ጊዜ ጥርሳሙን እስከ መጨረሻው አየሁ። ሳህራ እንስሳውን የወደድኩት መስሏት ነበር።

በነሐሴ መጨረሻ የመስከረሙ የአብዮት በዓል ዝግጅት ተጀመረ። ከሐረር በሚመጣው መንገድ መግቢያ ላይ ከእንጨትና ከኮምፔንሳቶ የተሠራ ትልቅ ቅስት ቆመ፤ መፈክሩን እንድጽፍ ተጠራሁ። የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ ጓድ ታደለ ይባላሉ። ቀድሞ የሒሳብ መምህር ነበሩ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ባዶ ቦታ ግን አይወዱም። መፈክሩን ጽፌ ስጨርስ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው መጡ።

"ሁለቱ ምሰሶ ባዶ ነው" አሉኝ።

"ምን ልሣልበት?"

"የሚያምር ነገር።"

"ምን ዓይነት?"

"ነገርኩህ እኮ። የሚያምር።"

እኔ በዚያን ጊዜ የማውቀው የሚያምር ነገር አንድ ብቻ ነበር። በሁለት ቀን በሁለቱም ምሰሶ ላይ ሣልኩት፤ እያንዳንዱ ቁመቱ ሁለት ሜትር ከአሥር፣ መስመሩ ስምንት ሳንቲ ሜትር፣ ክፍተቱም ስምንት። ከሥሩ ያለውን ስም አልጻፍኩም። ጓድ ታደለ አይተው "ባዶ አይደለም" አሉ። ከእሳቸው ይህ ምስጋና ነው።

በዓሉ አራት ቀን ሲቀረው ዝግጅቱን የሚያይ አንድ ሻምበል ከሐረር መጣ። ቅስቱ ጋ መኪናውን አስቆመና ወረደ። ምሰሶውን ተመለከተ፣ ጣቱን አንሥቶ ቆጠረ፣ ወደ ሌላው ምሰሶ ሄዶ ያንንም ቆጠረ። እኔ መሰላል ላይ ነበርኩ።

"ይሄ ምንድን ነው?" አለ።

ጓድ ታደለ ምሰሶውን ገና ዛሬ እንዳዩት አዩት። "ጌጥ ነው፣ ጓድ ሻምበል።"

"የምን ጌጥ?"

"የበዓል።"

"አምስት ነው።"

"አዎን።"

"አምስት መሆኑን ታውቃላችሁ ማለት ነው።"

እዚህ ላይ ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። በጎረቤቱ አገር ባንዲራ ላይ ያለው ኮከብ አምስት ጫፍ አለው። አምስቱ ጫፎች አምስት የሶማሌ ምድሮች ናቸው ይባላል፤ ከአምስቱ አንዱ ቅስቱ የተተከለበት መሬት ነው። በዚህ ምክንያት ስንት ሰው እንዳለቀ እያንዳንዱ የከተማው ግንብ ላይ በጥይት ተጽፎ ነበር። ሁለቱ መንግሥታት ደግሞ ገና መታረቃቸው ነው። አምስት የተለያዩ ነገሮች ተሰባስበው አንድ ላይ ሲነሡ የሚያሳይ ሥዕል በዚያ ቦታ፣ በዚያ ቀን መሣል ያለበት ሥዕል አልነበረም። ይህ ብልጭ ያለልኝ መሰላሉ ላይ ሆኜ ነው። መስመር ስለካ ነበር እንጂ ስቆጥር አልነበረም።

"ነገ ጠዋት እመለሳለሁ" አለ ሻምበሉ። "ማብራሪያው በጽሑፍ ተዘጋጅቶ ይጠብቀኝ። ማብራሪያ ከሌለ ሠሪውን ይዤ እሄዳለሁ።"

መኪናው እንደ ሄደ ጓድ ታደለ ወደ ላይ አዩኝ። "ውረድ" አሉ። "ብሩሹንም ይዘህ ውረድ።"

በጽሕፈት ቤቱ ዕቃ ክፍል ውስጥ ቆለፉብኝ። የሰልፍ ባንዲራዎች፣ የታጠፉ መፈክሮችና አንድ እግሩ የተሰበረ ወንበር ነበሩ። ተቀምጬ ሁለቱን መንገዶች አሰብኩ። እውነቱን ብናገር "ካሴቱን የት አየኸው?" ይሉኛል፤ ከዚያ አረንጓዴው በር፣ ዴኩ፣ ሳህራና ልጆቿ በአንድ ከሰዓት ያልቃሉ። የራሴ ነው ብል አምስት መስመር የፈለሰፈው ሰው እኔ እሆናለሁ፤ ሐረር የተወሰዱ ሰዎች ሲመለሱ አላየሁም። ሦስተኛ መንገድ ፈለግሁ። አልነበረም።

ጓድ ታደለ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው ገቡና በተሰበረው ወንበር ላይ ተጠንቅቀው ተቀመጡ።

"ከየት አመጣኸው?"

ብሩሼን በሱሪዬ ጠረግሁ።

"ከራሴ" አልኩ።

"ራስህ ውስጥ ምን ይሠራ ነበር?"

"አላውቅም።"

"አምስት ለምን ሆነ?"

ከእሳቸው ትከሻ በላይ የሰልፍ ባንዲራዎቹ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። የሠራተኛው፣ የገበሬው፣ የሴቶች፣ የወጣቶች፣ የከተማ ነዋሪዎች። ቆጠርኳቸው። በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አስቀድሜ ቆጠርኩ።

"የብዙኃን ማኅበራቱ ናቸው" አልኩ።

ጓድ ታደለ እስክሪብቶውን ከፈቱ። "ቀጥል።"

"ሰማያዊው ሠራተኛው ነው።"

"ቱታው። ጥሩ። አረንጓዴው ገበሬው፣ እሱ ግልጽ ነው። ቢጫው?"

"ሴቶች።"

"ለምን?"

"ቀለሙ ነው የቀረው።"

"እንደሱ አይጻፍም። 'ብሩህ ተስፋን' እንላለን። ብርቱካኑን ለከተማ ነዋሪ እንስጠው፤ ምክንያት አልጠይቅህም። ቀዩስ?"

"ወጣቶች። መጨረሻ የሚደርሰው እሱ ነው።"

እስክሪብቶው ቆመ። "የት ነው የሚደርሰው?"

ምሰሶው ላይ ያለው ሥዕል አይንቀሳቀስም። ደርሶ የቆመ ነው። ቀዩ መጨረሻ እንደሚደርስ የሚያውቀው ፊልሙን ያየ ሰው ብቻ ነው።

"ዓይን... ዓይን ከግራ ሲያነብ" አልኩ።

ጥቂት አዩኝ። ከዚያ ጻፉት። "ወጣቱ ተረካቢ ነው" አሉ፤ "መጨረሻ መድረሱ ትክክል ነው።"

ማብራሪያው ሦስት አንቀጽ ሆነ። ምልክቱ "በኮሚቴው የቅርብ አመራር በአንድ የአካባቢው ወጣት የተፈጠረ" እንደሆነ፣ አምስቱ ማኅበራት በአንድ ሥር ተነሥተው ወደ ላይ እንደሚያድጉ፣ በመካከላቸውም ክፍተት ያለው አንዱ በሌላው ሥራ እንዳይገባ መሆኑን ይገልጻል። ክፍተቱን እኔ ነኝ ያስገባሁት። ወጪ ቁጥር ተሰጠው፣ ማኅተም ተመታበት፣ ሻምበሉ በማግስቱ ጠዋት ይዞት ሄደ። እኔ መልስ እስኪመጣ እዚያው ሆንኩ።

መልሱ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ በስልክ መጣ። ጓድ ታደለ ሻይ በእጃቸው ይዘውልኝ ገቡ።

"ወደውታል" አሉ። "በበዓሉ ቀን ትሸለማለህ። ምልክቱ በዙሪያው ከተሞች በማኅበራቱ በሮች ላይ ሁሉ ይሣላል። አንተ ነህ የምትሥለው።"

ሻዩን ጠጣሁ። ስኳሩ በዝቶ ነበር። ልብሴን አራግፌ፣ ብሩሼን ይዤ፣ ቢሮአቸው ገብቼ የመውጫ ወረቀቴ ላይ እየፈረምኩ ሳለ በሩ ተንኳኳ። ሳህራ ናት። ድሪዕ የሚባለውን ሰፊ የሶማሌ ቀሚሷን ለብሳ፣ ካሴት በላስቲክ ጠቅልላ ይዛለች።

"አንተ ነህ ታደለ?" አለች። ሳህራ አማርኛ የለመደችው ገበያ ነው፤ "እርስዎ" የሚለውን ገበያ ውስጥ የሚሸጥላት አላገኘችም።

"ጓድ ታደለ ነኝ።"

"እሺ፣ ጓድ። ይሄ ልጅ ጥፋት የለውም። ሁለት ቀን ነው ያሰርከው። ሥዕሉ የሱ አይደለም።" ካሴቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። "ሥዕሉ እዚህ ውስጥ ነው። ከአሜሪካ ነው። እሱ አይቶ ነው የሠራው። የሶማሌ አይደለም፣ የማንም አይደለም።"

ጓድ ታደለ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ወረቀቱ ላይ ያለውን የራሴን ፊርማ እያየሁ ነበር።

በጽሕፈት ቤቱ ለንግግር ማሳያ የተቀመጠ ዴክ ነበር። ካሴቱን አስገቡት። የአሜሪካ ካሴት በሌላ ዓይነት ዴክ በደንብ አይታይም፤ ስክሪኑ ላይ ግራጫ ሰንበር ብቻ እየተንከባለለ አለፈ። ጓድ ታደለ ትንፋሻቸውን አወጡ።

"ምንም የለም" አሉ።

ይህ የመውጫው በር ነበር። ለሳህራ በሶማሊኛ ቀስ ብዬ "ኤዶ፣ ካሴቱን ይዘሽ ሂጂ፣ አልቋል" አልኳት።

"በአማርኛ" አሉ ጓድ ታደለ።

ሳህራ ግን ልታድነኝ ነው የመጣችው። "ይሄ ማሽን መጥፎ ነው" አለች። "የኔ ያሳያል።"

"የአንቺ?"

"የኔ።"

"የት ነው ያለው?"

"ቤቴ።"

"ቤትሽ የት ነው?"

ነገረቻቸው። ሁለት ቀን ሙሉ ዕቃ ክፍል ውስጥ ይዤው የቆየሁት ነገር በሦስት ጥያቄ ጠረጴዛው ላይ ተዘረገፈ።

ዴኩ በብርድ ልብሱ ተጠቅልሎ መጣ። ሳህራ "ሲያፈጥኑት ይጠመጠማል" ስላለች ፊልሙን ከመጀመሪያው አየነው፤ ሃምሳ ሁለት ደቂቃ ነው። ጓድ ታደለ መጀመሪያ ሰዓታቸውን ያዩ ነበር። በአሥራ አምስተኛው ደቂቃ አካባቢ ወንበራቸውን አስጠጉ። እንስሶቹ ግድቡ ሲነደል ተረባርበው ሲደፍኑት ወደ ስክሪኑ አጎነበሱ።

"ማን ነው የሚመራቸው?" አሉ።

"ማንም" አልኩ።

"አይሆንም" አሉ። "አልታየ ይሆናል እንጂ።"

ፊልሙ አለቀ። ስሞቹ ፈሰሱ። ጠቆረ። ሰማያዊው ገባ፣ ከዚያ አረንጓዴው፣ ሌሎቹም። ታጠፉ፣ ተከፈቱ፣ ደወሉ መታ።

ጓድ ታደለ ተነሥተው በሩን ዘጉ። "ድገሚው" አሉ። ሦስት ጊዜ አስደገሙ። በሦስተኛው ቀዩን በጣታቸው ተከተሉት። "መጨረሻ የሚደርሰው" አሉ ለብቻቸው። ወደ እኔ ግን አላዩም።

"ይህን ስንት ሰው አይቶታል?"

"ማንም" አለች ሳህራ። "ሰው እንዲወጣ ነው የምከፍተው።"

"ሌላ ቅጂ?"

"የለም።"

ከመሳቢያቸው የማብራሪያውን ቅጂ አወጡና ካሴቱ አጠገብ አስቀመጡት። አንዱን አዩ፣ ሌላውን አዩ። ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም፤ የሒሳብ መምህር ሁለት የተለያየ መልስ ሲመጣበት የሚሆነውን ነው የሆኑት።

"ይህ ወረቀት ወጪ ሆኗል" አሉ። "ቁጥር አለው። ማኅተም አለው። ሐረር ደርሷል፣ ተነቧል፣ ተወድዷል። ይህ ካሴት ቁጥር አለው?"

"የለውም" አለች ሳህራ።

"ስለዚህ የተሳሳተው ካሴቱ ነው።"

ማናችንም አልሳቅንም። እሳቸውም አልሳቁም።

"አጥፋው" አሉኝ። "ፊልሙን አይደለም። ፊልሙ ደህና ነው። መጨረሻውን።"

ሳህራ ማጥፋት አታውቅም፤ እኔ አውቃለሁ። ካሴቱ በስሕተት እንዳይቀዳበት ጠርዙ ላይ ያለችው ትንሽ የፕላስቲክ ጥርስ ተሰብራለች፤ ቀዳዳው ካልተደፈነ ዴኩ አይቀዳም። ከጽሕፈት ቤቱ የመድኃኒት ሣጥን ፕላስተር ለመንኩና ደፈንኩት። ፊልሙን እስከ መጨረሻው ስም አሳለፍኩ። ከመጨረሻው ስም እስከ መጀመሪያው ሰማያዊ መስመር ሁለት ሰከንድ ጨለማ አለ። ከሁለቱ አንዱን ለፊልሙ ተውኩለትና በሁለተኛው ላይ የመቅጃውን ቁልፍ ተጫንኩ። ስድስት ቆጠርኩ፣ ለደወሉ ማስተጋቢያ ሁለት ጨመርኩ፣ አቆምኩ። በሕይወቴ ከሠራሁት ሥራ ሁሉ በልኬት የተሟላው ያ ነው።

መልሰን አየነው። ስሞቹ ፈሰሱ፣ ጠቆረ፣ ከዚያ በረዶ የመሰለ ጫጫታ፣ ከዚያ እንደገና ጨለማ። ጓድ ታደለ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀጥለው ለሳህራ ወረቀት ጻፉላት፤ "ለትምህርታዊ ፊልም ማሳያ በጊዜያዊነት በከተማው እንድትቆይ" የሚል።

"ይህን ያገኘሽው ለበዓሉ ዴክ ስላዋስሽ ነው" አሏት።

"አላዋስኩም።"

"አውሰሻል" አሉና ማኅተሙን መቱ።

ወጣን። ሳህራ ዴኩን በጀርባዋ አዝላለች፤ እኔ ካሴቱን ይዣለሁ። ልሸከም ብላት እምቢ አለች። የገበያውን ጥግ እንደታጠፍን ወደ እኔ ዞረች።

"ኤዶ፣ የኔ ነው ብለህ ነው?"

"አዎ።"

"ለኔ ብለህ?"

"አዎ።"

ብርድ ልብሱን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች። "ውሸቱን ለኔ ብለህ ነው የዋሸኸው። እሺ። አላህ ይስጥህ። ሥዕሉንስ? ምሰሶው ላይ ስታደርገው ማንም አልጠየቀህም። ማንም አላሰረህም። ስሙ ከሥሩ ተጽፎ ነበር፤ ስሙን ትተህ ሥዕሉን ወሰድክ። እሱን ለማን ብለህ ነው?"

ሁለት ቀን ሙሉ ለሰው ብዬ የተሠዋሁ መስሎኝ ነበር። ክፍተቱን ስለካ፣ ውፍረቱን ስለካ፣ ስሙ ሊጻፍበት የሚገባውን ቦታ በነጭ ቀለም ሸፍኜ ሳልፍ እጄ ቅንጣት እንዳልዘገየ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ያ የተደረገው ሻምበሉ ከመምጣቱ በፊት ነው። ማንንም ለማዳን አልነበረም። ካሴቱን አረንጓዴው በር ላይ አቀበልኳትና ሄድኩ።

በበዓሉ ቀን መድረክ ላይ ተጠራሁ። የምስክር ወረቀቱ ላይ "ለፈጠራ ሥራው" ይላል። ፊደሉን የጻፍኩት እኔው ነኝ፤ የኮሚቴው የምስክር ወረቀቶች ሁሉ በኔ እጅ ነበር የሚጻፉት። የራሴን ስጽፍ "ፈጠራ" የሚለው ቃል ላይ ቀለሙ ፈሰሰብኝና ሌላ ወረቀት ለመንኩ። ሁለተኛውም ፈሰሰ። ሦስተኛውን ነው የተቀበልኩት።

ከዚያ በሮቹ መጡ። ጥቅምትና ኅዳርን ከከተማ ከተማ እየዞርኩ ሣልኩ። በዘጠነኛው ወይም በዐሥረኛው በር ላይ መሰለኝ፣ ሦስተኛውን መስመር ልቀባ ብሩሹን ነክሬ ቆምኩ። ቢጫ ነው ወይስ ብርቱካን? ጓድ ታደለ ጽሑፉ ላይ ሴቶችን ከከተማ ነዋሪ አስበልጠው ስላስቀደሙ ነው ቢጫው ሦስተኛ የሆነብኝ? ወይስ በፊልሙም እንደዚያ ነበር? ማስመሪያ ነበረኝ፣ ክር ነበረኝ፣ የሚለካው ነገር ግን አልነበረም፤ ቅስቱ ላይ ያለውም የራሴው እጅ ነው። በዓለም ላይ ሌላ ቅጂ ሳይኖር አይቀርም፤ እኔ ልደርስበት የምችለው ግን አንዱ ብቻ ነበር፤ እሱንም በገዛ እጄ፣ አንድ ሰከንድ ሳላዛንፍ አጥፍቼዋለሁ። ከላይ ለእናንተ የዘረዘርኩት የቀለም ቅደም ተከተልም እንግዲህ በዚሁ ዋስትና ነው። ይህን ሳልናገር ብዘጋው ሌላ ስርቆት ይሆንብኛል።

አንባቢዎቼ፣ ከዚህ ታሪክ "አትኮርጁ" የሚል ምክር እንድሰጣችሁ ትጠብቁ ይሆናል። ሰሌዳ ጸሐፊ ሳይኮርጅ አይኖርም። ከዘይት ጣሳ የተማርኩትን "ለ" ዛሬም እጽፈዋለሁ። እኔ ላይ የተለወጠው ትንሽ ነገር ነው፤ ዛሬ ከሌላ ሰው ሥራ ላይ የሆነ ነገር ስወስድ፣ ከሥር ስም ካለ ስሙንም እጽፋለሁ። ደንበኞች ቦታ ያባክናል ይላሉ። አንዳንዶቹ ትተውኝ ሄደዋል። ሳህራ ወረቀቷ እስኪያበቃ በቪዲዮ ቤቷ ቀጠለች፤ ጊዜው ሲያልቅ እንደገና ተጻፈላት፣ እንደገናም። ቅስቱ አሁን ፈርሷል፤ ኮምፔንሳቶውን ሰዎች ለቤታቸው ጣሪያ ወስደውታል።

እውነቱን በአፌ የተናገርኩት አንድ ቀን ብቻ ነው። ከዙሪያው ከተሞች አንዷ በሆነችው ደምበል የመጨረሻውን በር ጨርሼ ብሩሼን እያጠብኩ ሳለ የማኅበሩ ሊቀ መንበር፣ አንድ ፂማቸውን በሂና የቀቡ አዛውንት፣ መጥተው በሩን ፊት ለፊት ቆመው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

"አንተ ነህ?" አሉኝ።

ሦስት ወር ሙሉ ያፈንኩት ነገር ወጣ። "የኔ አይደለም፣ አባባ" አልኩ። "የሌላ ሰው ነው። ከአሜሪካ ቴሌቪዥን ላይ አይቼ ነው የሣልኩት። የባለቤቱ ስም ከሥሩ ነበር፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ሁለት ጊዜ ነው ያጠፋሁት።"

አዛውንቱ እስክጨርስ በትዕግሥት አዳመጡ። ከዚያ ጣታቸውን ወደ ቀዩ መስመር አስጠግተው ሳይነኩት ያዙት።

"እኔ የጠየቅሁት አንተ ነህ ወይ የቀባኸው ነው" አሉ። "ይደርቃል ወይ ልልህ ነው። ፍየሎቹ አሁን በዚህ በር ይገባሉ።"

"እስከ ነገ አይደርቅም" አልኩ።

"እንግዲያው ቁም" አሉኝ፤ እኔም ፍየሎቹ ገብተው እስኪያልቁ እጄን ዘርግቼ በሩ ፊት ቆምኩ።